በማኅፀን ሳለ መጠጥ ስለ ደረሰው ሕፃን

የታሪክ ጥቅም ያለፈውን ዘመን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የታወቀ ቁም ነገር በምን ምክንያት እንደ ተረሳ መርምሮ ሁለተኛ እንዳይረሳ ለመጠበቅም ነው። ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ዛሬ ልናወሳው የወደድነው ነገር ከእነዚህ አንዱ ነው። ይኸውም እናት በእርግዝናዋ ወራት የምትጠጣው የሚያሰክር መጠጥ ገና ባልተወለደው ልጅ አንጎል ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት፣ ከዚያም የተነሣ ልጁ አድጎ ሲቈጣና ሲፈራ፣ ክፉና ደጉንም ሲመርጥ ፍርዱ ስለሚሰናከልበት ምክንያት ነው። ይህ ነገር በጥንት ዘመን ተነግሮ ነበር፤ ኋላም ሐኪሞች መስክረውት ነበር፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው ረሱት፤ ብዙ ልጆችም ከተጎዱ በኋላ ዳግመኛ ተገኘ። እንዴት እንደ ተረሳ ካወቅን በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር፣ እንዴት አድርገን ልንናገረው እንደሚገባ እናውቃለን። የውጭ አገሩን ታሪክ በፈረንጆች ዘመን፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ምስክር በመጽሐፈ መሳፍንት በ13ኛው ምዕራፍ ይገኛል። መካን ለነበረችው ለማኑሄ ሚስት መልአክ ተገልጦ እንደምትፀንስ ባበሠራት ጊዜ ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ ሁሉ እንድትጠበቅ አዘዛት። ይህ የናዝራዊነት ሥርዓት ነው እንጂ የሕክምና ትእዛዝ አይደለም የሚል ቢኖር ቃሉን አንነቅፍም። ነገር ግን ሥርዓቱ በሚወለደው ልጅ ላይ ብቻ ሳይቀር በፀነሰችው እናት ላይ መደረጉን ልብ ማለት ይገባል። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ፤ ማኑሄ የልጁ ሥርዓት ምን እንዲሆን በጠየቀ ጊዜ መልአኩ የመለሰለት ሚስቱ ስለምትጠበቅበት ነገር ነው። አባት ስለ ልጅ አስተዳደግ ጠየቀ፤ መልሱ ከመወለዱ በፊት ስላለው ዘመን ሆነ። ትእዛዙንም ባልና ሚስት ሁለቱ ሰሙት። እንዲሁም በመጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ ንጉሥ ልሙኤልን ስለ መጠጥ የመከረችው እናቱ ናት፤ የምክሯም ምክንያት መጠጥ ሕግን ያስረሳል፣ የድኻንም ፍርድ ያጣምማል የሚል ነው። እናት፣ መጠጥና ፍርድ በአንድ ስፍራ ተያይዘው የተነገሩት እንግዲህ ዛሬ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው የበቆሎ፣ የዳጉሳና የጤፍ እርሻ ነው። ከዚህ እህል እንጀራው ይጋገራል፤ ጠላውም ይጠመቃል። ብቅሉ በቅሎ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ እንኩሮው ታምሶ፣ ጋኑ ታጥኖ የሚዘጋጀው ጠላ በዚህ አገር መጠጥ ብቻ አይደለም፤ የማኅበር ጽዋ፣ የዝክር መዘከሪያ፣ የሰርግ ክብር፣ የተዝካር ማስታወሻ፣ የደቦ ምላሽ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ማሩ ጠጅ በመጽሐፉ ጽፎ ስለ ተገኘ የመጠጣችን ልማድ የቈየ መሆኑ በባዕድ ምስክርም የታወቀ ነው። አረቄ ግን ስሙ ከዐረብ ቋንቋ እንደ መጣ ሁሉ አወጣጡም ከጠላ የተለየ ነው፤ ድፍድፉ በእሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል።

በዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተያየት አለ። ብዙ ሰው አረቄን ብርቱ፣ ጠላን ግን እንደ ምግብ ቈጥሮ ለነፍሰ ጡር ሴት ጠላ አይጎዳም ይላል። ሒሳቡን እንመልከት። ከመቶ 4 እጅ አልኮል ያለበት ግማሽ ሊትር ጠላ በውስጡ የሚገኘው አልኮል፣ ከመቶ 40 እጅ አልኮል ካለበት ከሊትር 20ኛ እጅ አረቄ ጋር እኩል ነው። ጠላ በትልቅ ጣሳ፣ አረቄ በትንሽ መለኪያ ስለሚቀዳ ዓይን ይታለላል እንጂ ሕፃኑ ጋ የሚደርሰው ያው ነው። ደግሞም ጠማቂዋ ሴት ናት። ድፍድፉ መድረሱን፣ ጠላው መጥራቱን የምታውቀው ቀምሳ ነው፤ ለእንግዳም ስትሰጥ አስቀድማ ጠብ አድርጋ መቅመስ የአክብሮት ልማድ ነው። ሸጣ የምትኖር ከሆነች ደግሞ ይህን ቀኑን ሙሉ ታደርገዋለች። ስለዚህ በዚህ አገር ነፍሰ ጡር ሴት መጠጥ የሚያገኛት ብዙ ጊዜ ከስካር ፍቅር ሳይሆን ከሥራዋና ከይሉኝታ የተነሣ ነው።

አሁን ነገሩ በውጭ አገር እንዴት እንደ ታወቀና እንደ ተረሳ እንናገር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በለንደን ከተማ ጂን የሚባለው ከእህል የሚወጣ መጠጥ ዋጋው ረክሶ ድኻው ሁሉ ተጥለቀለቀበት። በ1726 የለንደን ሐኪሞች ማኅበር ለእንግሊዝ ምክር ቤት አቤቱታ አቅርቦ ይህ መጠጥ ደካማና በሽተኛ ልጆች እንዲወለዱ ምክንያት መሆኑን ገለጠ። በ1899 ደግሞ በሊቨርፑል የወኅኒ ቤት ሐኪም የነበረው ዊልያም ሱሊቫን የ120 ጠጪ ሴቶችን ታሪክ መርምሮ ጻፈ። ከእነዚህ ሴቶች ከተወለዱት መካከል ሞተው የተወለዱትና በሕፃንነት የሞቱት፣ መጠጥ ከማይጠጡት ዘመዶቻቸው ልጆች እጅግ የበዙ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ አስቀድማ ብዙ ልጆች የሞቱባት እናት በእርግዝናዋ ወራት ታስራ መጠጥ በማጣቷ ጤነኛ ልጅ የወለደችበት ጊዜ እንዳለ ሱሊቫን መሰከረ። እንግዲህ ጕዳቱ በዘር የሚወርድ እርግማን ሳይሆን በዚያ ወራት ከሚጠጣው መጠጥ የሚመጣ መሆኑ ታየ።

ይህን የመሰለ ምስክርነት ተገኝቶ ሳለ ስለ ምን ተረሳ? በዚያ ዘመን ስለ መጠጥ ይናገሩ የነበሩት ሰዎች እውነቱን ከዘለፋ ጋር ቀላቅለው ስለ ተናገሩት ነው። የሰካራም ዘር የተበላሸ ዘር ነው፣ ልጁም ለወንጀል የተወለደ ነው እያሉ ሰበኩ። አሜሪካኖች በ1920 መጠጥን በሕግ ከልክለው በ1933 ክልከላውን በሻሩ ጊዜ ይህ ስብከት ሁሉ ተናቀ፤ ከገለባው ጋር ፍሬው አብሮ ተጣለ። በ1942 ሃጋርድና ጄሊኔክ የሚባሉ በዬል የነበሩ ሊቃውንት በመጽሐፋቸው መጠጥ በፅንስ ላይ ጕዳት ያደርሳል የሚለውን አሳብ አልተቀበሉትም፤ የልጆቹን ድካም ከምግብ ማነስና ከቤት መበላሸት ቈጠሩት። እንዲያውም በ1967 በኒው ዮርክ ፍሪትዝ ፉክስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር፣ ምጥ ያለ ጊዜው ሲመጣ ለማስቆም አልኮልን በእናቲቱ ደም ሥር ማፍሰስን እንደ መድኃኒት አወጣ፤ ይህም ሕክምና ለብዙ ዓመት ተሠራበት። የሳምሶን እናት የተከለከለችውን እነዚህ በሐኪም እጅ ተቀበሉት።

እውነቱ ዳግመኛ የተገኘው ልጆቹን ቀርቦ በማየት ነው። በ1968 በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ ፖል ለሞን የሚባል የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ጠጪ ከሆኑ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምሮ የፊታቸው መልክ፣ የዕድገታቸው መዘግየትና የጠባያቸው አለመረጋጋት እርስ በርሱ የሚመሳሰል መሆኑን ጻፈ፤ ጽሑፉ ግን ብዙ አንባቢ አላገኘም። በ1973 በአሜሪካ አገር በሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የሚባሉ ሐኪሞች ከሦስት ልዩ ልዩ ነገድ የተወለዱ 8 ልጆችን ተመልክተው ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ ለደዌውም ስም አወጡለት። በ1981 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዳይጠጡ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ከ1989 ጀምሮም በየጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ሆነ። በ2017 የታተመ የዓለምን ሁሉ የሚመለከት ጥናት ደግሞ ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ በእርግዝና ጊዜ እንደሚጠጡ፣ ከሚጠጡትም ከ67 እናቶች አንዲቱ ደዌው በሙሉ ምልክቱ የሚታይበት ልጅ እንደምትወልድ ገምቷል።

መጠጡ ፅንሱን የሚጎዳበት መንገድ እንዲህ ነው። እናቲቱ የጠጣችው አልኮል ከደሟ ጋር ወደ እንግዴ ልጁ ይደርሳል፤ እንግዴ ልጁም ብዙ ነገር የሚከለክል ሲሆን አልኮልን ግን አይከለክልም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሕፃኑ ደም ያለው መጠን ከእናቱ ጋር ይተካከላል። የእናቲቱ ጕበት ያቃጥለዋል፤ የሕፃኑ ጕበት ግን ገና ስላልጠነከረ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ በሽርት ውኃውም ውስጥ ይቈይበታል። በዚያን ጊዜ በመሠራት ላይ ያሉት ሕዋሳት አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ተመደበላቸው ስፍራ ሳይደርሱ በመንገድ ይቀራሉ። ጕዳት የማያደርስ ተብሎ የታወቀ መጠን የለም፤ የማይጎዳበት ወርም የለም።

በዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምሥጢር አለ። በ1981 ካትሊን ሱሊክ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በአይጦች ላይ ባደረገችው ምርመራ፣ በደዌው የሚታወቀው የፊት መልክ፣ ይኸውም የዓይን ስንጥቅ ማጠር፣ ከአፍንጫ በታች ያለው ጎድጓዳ መስመር መጥፋትና የላይኛው ከንፈር መቅጠን፣ በእርግዝና መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ቀኖች በሚደርስ መጠጥ እንደሚመጣ አሳየች። በሰው ዘንድ ይህ ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ግድም፣ ብዙ ሴት መፀነሷን የማታውቅበት ጊዜ ነው። አንጎል ግን የሚሠራው ዘጠኙን ወር ሁሉ ነው። ስለዚህ ፊቱ እንደ ማንኛውም ልጅ ያማረ፣ አንጎሉ ግን የተጎዳ ልጅ ብዙ ነው። ፊቱ ምንም ስለማይናገር ሰው ሁሉ ጕድለቱን ከጠባዩ ይቈጥርበታል።

ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች መካከል ስሜትንና ፍርድን የሚመለከቱት ሦስት ናቸው። አንደኛው ከግንባር በስተ ኋላ ያለው ክፍል ነው፤ ይህ እንደ ቤት ጌታ ሆኖ ያመጣውን አሳብ ሁሉ ቆም ብሎ የሚመረምር፣ የነገውን ጕዳት ከዛሬው ጥቅም ጋር የሚመዝን ነው። ሁለተኛው ቀኝና ግራ አንጎልን የሚያገናኘው ድልድይ ነው፤ ይህ በአንዳንዶቹ ልጆች ይቀጥናል፤ በጥቂቶቹም ጨርሶ ሳይሠራ ይቀራል። ሦስተኛው በውስጥ የሚገኙት ትናንሽ ክፍሎች ናቸው፤ ከእነዚህም አንዷ የለውዝ ፍሬ የምትመስለውና ፍርሃትንና ቍጣን የምትቀሰቅሰው ናት። ቀስቃሹ ፈጣን፣ ከልካዩ ደካማ ሲሆን ልጁ በትንሽ ነገር ይነድዳል፤ ከነደደም በኋላ ቶሎ አይበርድም። የሰውን ፊት አይቶ ተቈጣ፣ አዘነ፣ ፈራ ብሎ መለየትም ይቸግረዋል። በካርታ ጨዋታ መልክ በተደረጉ ፈተናዎች፣ ሌሎች ልጆች ቶሎ የሚያተርፈውና ኋላ የሚያከስረው የትኛው እንደ ሆነ በመደጋገም ተምረው ሲተዉት፣ እነዚህ ልጆች ግን እየከሰሩ ወደዚያው ሲመለሱ ታይተዋል። ትእዛዝን ሰምቶ በቃሉ የሚመልስ ልጅ በጊዜው ግን ሊፈጽመው የማይችለው ስለዚህ ነው።

በጎጃም በጉባኤ ቤት የኖረ ሁሉ ይህን የመሰለ ተማሪ ያውቃል። ዛሬ ያጠናውን ነገ ይረሳል፤ ሦስት ነገር ቢያዙት አንዱን ብቻ ይፈጽማል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሳይጋጭ አይውልም፤ ቢገረፍ ያለቅሳል፤ በማግስቱ ያንኑ ይደግማል። የተገረፈበትን ምክንያትና የተገረፈውን ቅጣት የሚያያይዘው የአንጎሉ ክፍል ከተጎዳ ዱላው ሕመምን እንጂ ትምህርትን አይሰጠውም። እንዲህ ያለው ሁሉ ግን ከመጠጥ የተነሣ ነው ማለት አይገባም፤ የልጅነት ረኀብ፣ የወባ ትኵሳት፣ የአንጎል ሽፋን በሽታ፣ በቤት የደረሰ መከራ ይህንኑ የሚመስል ነገር ያመጣሉና መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። ደግሞም ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚረዳው የማስተማር መንገድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አጭር ቃል፣ በየቀኑ ያልተለወጠ ሥርዓት፣ በዜማና በመደጋገም መማር፣ አንዱ ሳይጠና ወደ ሌላው አለማለፍ ይረዱታል፤ ከቍጥር ወደ ግእዝ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ በደረጃ የሚያስኬደው የአባቶቻችን ሥርዓት ይህን ሁሉ ይዟል። ዱላው ብቻ ቢቀርለት ልጁ ከዚህ ሥርዓት ይጠቀማል።

ሳይታወቅ ያደገው ወደ ምን እንደሚደርስ ደግሞ ተመርምሯል። በ1996 በሲያትል አን ስትራይስጉት የምትባል ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በመጠጥ የተጎዱ 415 ሰዎችን መርምራ፣ ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት ከመቶ 60 ያህሉ ከሕግ ጋር የተጋጩ መሆናቸውን ገለጠች። ነገር ግን በተረጋጋና በሚያዝን ቤት ያደጉት፣ ከ6 ዓመታቸውም በፊት ደዌያቸው የታወቀላቸው ከዚህ ክፉ ነገር በብዙ ያመለጡ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በማኅፀን የደረሰው ጕዳት ባይመለስም ፍጻሜው ገና አልተቈረጠም። ይህ ነገር ለዳኞችና ለሽማግሌዎችም ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው የጠየቁትን ደስ ለማሰኘት ሲል ያላደረገውን አድርጌአለሁ ሊል ይችላልና የእርሱ እመን ባይነት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ነገር ዕውር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግ፣ በአእምሮ ዕድገቱ የተጓደለ ሰው ኀላፊነቱ እንደ ሙሉ ሰው እንዳይቈጠር ይፈቅዳሉ። የሚጎድለው ነገሩን አስተውሎ ለሐኪም የሚያስመረምር ሰው ነው።

ደግሞ ልማድ እንደ ሕግ ሲጸና ምን እንደሚያደርግ ከደቡብ አፍሪካ እንማር። በዚያ በምዕራብ ኬፕ የወይን እርሻ ባለቤቶች ከድሮ ጀምሮ ለሠራተኞች ከደመወዛቸው ከፊሉን በወይን ጠጅ ይከፍሉ ነበር። ሥርዓቱ በሕግ ከተከለከለ በኋላ እንኳ ልማዱ ሰንብቶ፣ በ2000 በታተመ ጥናት በአንድ ከተማ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድ ከ1,000 ልጆች ከ40 በላይ የሚሆኑት ይህ ደዌ ተገኘባቸው። የእኛ ደቦ የፍቅር ሥራ ስለ ሆነ ከዚያ ግፍ ጋር አይነጻጸርም፤ ነገር ግን ለድካም የሚሰጠው ምላሽ መጠጥ በሆነበት ስፍራ ሴቲቱ ብቻዋን እምቢ ልትል እንደማትችል ሁለቱም ያስረዳሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ መልካም አድርጓል። የጓዳ ጠላ ግን ማስታወቂያ የለውም፤ አዋጁም ጓዳ አይገባም። ጓዳ የሚገባው ባል፣ አማት፣ ጎረቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የንስሐ አባት ነው።

ስለዚህ የንስሐ አባቶችና የማኅበር ሰብሳቢዎች ይህን እንዲያደርጉ እንለምናለን። ሴት መፀነሷ እንደ ታወቀ፣ ልጅ የሚሹ ባልና ሚስትም ከመፀነሷ በፊት፣ እንደ ማኑሄ ቤት ሁለቱም በአንድነት ይነገራቸው። በማኅበር ለነፍሰ ጡር ያልፈላ ብርዝ ወይም የበሶ ብጥብጥ ይቀረብላት፤ ጠላውን ባለመቀበሏም ማንም አይቀየማት። የመቅመሱን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሁሉ በየምርመራዋ ስለ መጠጥ እንድትጠየቅ አሳስቧልና ወደ ጤና ጣቢያ በምትሄድበት ጊዜ የምትጠጣውን ሳትደብቅ ትናገር። ሳታውቅ የጠጣች ብትኖር ተስፋ አትቍረጥ፤ በየትኛውም ወር ብታቆም ለሕፃኑ ይጠቅመዋል። ብዙ መጠጥ ከለመደች ግን በድንገት ማቆም ለራሷም ለፅንሱም አደጋ ስላለው በሐኪም ጥበቃ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ንግግራችን ዘለፋ የሌለበት ይሁን። በውጭ አገር ይህ እውነት የጠፋው እናቶችን ለማሳፈር በመዋሉ እንደ ሆነ አይተናል። የተሰደበች እናት ጣሳውን ትደብቃለች እንጂ አታስቀምጥም፤ ልጅዋም ሲቸገር ምክንያቱን ለሐኪም አትናገርም፤ ልጁም ባለጌ ተብሎ ከትምህርት ቤት ወደ ጎዳና፣ ከጎዳና ወደ ወኅኒ ይሄዳል። ተመክራ የተደገፈች እናት ግን ልጅዋን ትጠብቃለች፤ ቀድሞ የተጎዳ ልጅ ቢኖራትም ደፍራ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሆስፒታል ታመጣዋለች። የሚመጣው የዝክርና የማኅበር ቀን ቅርብ ነውና ይህን የሚያነብ ሁሉ በዚያ ከምትቀመጠው ነፍሰ ጡር እኅቱ ፊት የሚቀርበውን ጽዋ አስቀድሞ ያስብበት።